ሉፐስና የባዮሎጂክ መድኃኒት ሙከራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ ክሊኒኮች ለዓመታት አስተርጉሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሉፐስ ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ከቀጠሮ ሲወጡ ኮሪደር ላይ የሚያስቆሙኝ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ጥናት ውስጥ ግቢ ብለውኛል፤ ምን ትላለህ?» ግቡም አትግቡም አልልም፤ እሱ የሐኪማቸውና የራሳቸው ውሳኔ ነው። ከመወሰናቸው በፊት ቢያውቁት የሚጠቅማቸውን ግን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉፐስ ምን ዓይነት በሽታ ነው? አገር ቤት እያለሁ ሰምቼው አላውቅም።

ስሙን አልሰሙ ይሆናል እንጂ በሽታው እዚያም አለ። ፀሐይ ላይ ውለው ፊታቸው ላይ ሽፍታ ሲወጣ፣ ሲያተኩሳቸው፣ አፋቸው ሲቆስል «ምች ነው» ተብለው ዳማከሴ የተጨመቀላቸው ሰዎች መካከል ሉፐስ የነበረባቸው አይጠፉም። ምች የሚባለው ሁሉ ሉፐስ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ሽፍታው፣ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ እብጠቱ እየተመላለሰ ከመጣ፣ ዳማከሴው ላይ ቆሞ መቅረት ኩላሊትን ለጉዳት ይዳርጋል።

ነገሩ ሲታጠር፣ ከተሕዋስያን ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጠላቱን ይስትና የገዛ አካሉን ማጥቃት ይጀምራል። ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ አንጎል፣ ደም፣ ሁሉም ሊነካ ይችላል። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚታመሙት በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። አይተላለፍም።

«ባዮሎጂክ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? አሁን ከምወስደው ኪኒን በምን ይለያል?

ኪኒኑ በኬሚስት ቤተ ሙከራ የተቀመመ ነው። ባዮሎጂክ ግን በሕያው ሴል ውስጥ ተመርቶ የሚጣራ ፕሮቲን ነው፤ ቢዋጥ ጨጓራ ስለሚፈጨው በደም ሥር ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። ስማቸው «ማብ» ብሎ የሚያልቅ ሁሉ አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ነው፦ ቤሊሙማብ፣ አኒፍሮሉማብ፣ ሪቱክሲማብ።

ዋናው ልዩነት ዒላማው ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ሰፈሩን በሙሉ መብራት እንደ ማጥፋት ነው። ብግነቱን ያበርደዋል፤ ነገር ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ፊት ያሳብጣል። ባዮሎጂኩ የአንዱን ቤት ቆጣሪ ብቻ ይዘጋል። ቤሊሙማብ ቢ-ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩ የሚመግባቸውን ብሊስ የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። አኒፍሮሉማብ ደግሞ ኢንተርፌሮን የሚባለው የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚገባበትን በር ይዘጋል። ብዙ የሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ ይህ መልእክት ያለ ማቋረጥ እየጮኸ ይገኛል፤ ሰውነት ቫይረስ ሳይኖር ቫይረስ እንደገባበት ሆኖ ይኖራል።

እስካሁን ተሞክረው የጸደቁት የትኞቹ ናቸው?

በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ለሉፐስ ያጸደቃቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቤሊሙማብ (የንግድ ስሙ ቤንሊስታ) በመጋቢት 2011 ሲጸድቅ፣ ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ለሉፐስ የተፈቀደ የመጀመሪያው አዲስ መድኃኒት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው አስፕሪን፣ ስቴሮይድና ከክሎሮኪን ቤተሰብ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ አዎ፣ አገር ቤት ለወባ የምናውቀው ክሎሮኪን ዘመድ። (በነገራችን ላይ ቤንሊስታን ያበለጸገው ሂውማን ጂኖም ሳይንስስ የተባለው ኩባንያ የነበረው ሮክቪል ሜሪላንድ ነው። እንጀራ ልንገዛ ከምንወጣበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም፤ ያም ሆኖ የኛ ሰው ስሙን ሲሰማ ከማርስ የመጣ ይመስለዋል።)

በ2020 መጨረሻ ይኸው ቤሊሙማብ ኩላሊት ለነካው ሉፐስ ተፈቀደ። በ2021 አኒፍሮሉማብ (ሳፍኔሎ)፣ በ2025 ደግሞ ኦቢኑቱዙማብ (ጋዚቫ) ለኩላሊት ሉፐስ ተከተሉ።

የወደቁት ከእነዚህ ይበዛሉ። ሪቱክሲማብ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ወድቋል። ሐኪሞች ግን ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው ሕመምተኛ ዛሬም ያዙታል። ኡስቴኪኑማብ የተባለው ሌላ ባዮሎጂክ በሙከራው ሁለተኛ ምዕራፍ አማላይ ውጤት አሳይቶ በሦስተኛው ቀረ።

መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?

በሉፐስ ሙከራ ከሚጋበዙት አብዛኞቹ የሚጋበዙት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥቂት ሰዎች ላይ መጠኑና አደጋው ይታያል። በሁለተኛው መቶዎች ላይ ምልክት ይፈለጋል። በሦስተኛው ብዙ መቶዎች ላይ «ከተለመደው ሕክምና ይበልጣል ወይ?» ተብሎ በቁም ነገር ይጠየቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ስንተኛው ምዕራፍ ነው? ከኔ በፊት ስንት ሰው ወሰደው?» ይሁን። ይህን ሲጠይቁ የጥናቱ ነርስ ቀና ብላ ታየዎታለች፤ አይፈሩ፣ ደስ ብሏት ነው።

ጥርጣሬው ከየትም አልመጣም። በዚሁ በአሜሪካ በተስኪጊ አላባማ ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ገበሬዎች ከ1932 እስከ 1972 ሳይነገራቸው ሳይታከሙ ተጠንተዋል። ዛሬ ከተመራማሪው ነፃ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀው ማንም አይነካዎትም የሚባለው ከዚያ በደል በኋላ በወጣ ሕግ ነው።

ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ባዶ ማስመሰያ) ከደረሰኝ ያለ መድኃኒት ልቀር ነው?

አይደለም፤ «ልግባ ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ ኮሪደር ላይ በብዛት የሚያስቆመኝም ይህ ጥያቄ ነው። በእነዚህ ትልልቅ ሙከራዎች ሕመምተኛው ቀድሞ የሚወስደው ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም መከላከያውን የሚያዳክመው ማይኮፌኖሌት ለሁሉም ይቀጥላል። ዕጣ የሚወጣው «በዚያ ላይ የሚጨመረው እውነተኛው ነው ወይስ ባዶው?» በሚለው ላይ ነው። የትኛው እንደደረሰዎ እርስዎም ሐኪምዎም አያውቁም።

ባዶው የደረሳቸው ሰዎችም ምን ያህል እንደሚሻሻሉ ስታዩ ትገረማላችሁ። ብሊስ-52 በሚባለው የቤሊሙማብ ሙከራ 865 ሰው ተሳትፎ፣ ከዓመት በኋላ ትልቁን መጠን ከወሰዱት 58 በመቶ ተሻሻሉ፤ ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ 44 በመቶ። ነገሩ አስማት አይደለም፤ አንዱ ምክንያት በየወሩ የሚያያቸው፣ ኪኒናቸውን የሚቆጥርላቸው ሰው ማግኘታቸው ነው። የመድኃኒቱ የራሱ ድርሻ በሁለቱ መካከል ያለው 14 በመቶ ነው፤ ወደ ሰባት ሰው ቢታከም አንዱ በመድኃኒቱ ምክንያት ተጨማሪ ጥቅም አገኘ እንደ ማለት። በአሜሪካና በአውሮፓ በተደረገው በብሊስ-76 ክፍተቱ ጠበብ ብሎ 43 ለ34 ነበር። ተአምር የሚጠብቅ ሰው ይህን ቁጥር አስቀድሞ ይወቀው።

መድኃኒቱ «ሠራ» የሚባለው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የኛን ሰው የሚመለከተው ይህ ነው።

ደም ግፊት ቢሆን መለኪያውን ክንድ ላይ ያስሩና ቁጥሩ ይወጣል። ሉፐስ እንደዚያ አንድ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ነጥብ ይሰጣል። ስሌዳይ የሚባለው መለኪያ 24 ጥያቄዎች አሉት፦ የሚጥል ሕመም ካለ 8 ነጥብ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት 4፣ አዲስ ሽፍታ 2፣ የፀጉር መነቃቀል 2፣ የአፍ ቁስል 2፣ እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሙከራዎች «ተሻሻለ» የሚሉት ነጥቡ ቢያንስ በ4 ሲወርድ፣ ሌላ አካል ላይ አዲስ ጥቃት ካልመጣና ሐኪሙ «ባሰባት» ካላለ ነው።

መለኪያው የራሱ ጉድለት አለው። አሥር መገጣጠሚያ አብጦ የነበረ ሰው ወደ አራት ቢወርድለት ነጥቡ ያው 4 ነው፤ ወይ አለ ወይ የለም ነው ጨዋታው። ድካም ደግሞ ከ24ቱ ውስጥ ጭራሽ የለም። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት በስሌዳይ ዜሮ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ድካምና ሕመም በሌላ መጠይቅ፣ ከእርስዎ አፍ ይወሰዳሉ።

ችግራችን የሚመጣውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን ነርሷ «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበርሽ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አብሬያቸው የተቀመጥኩት እናት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እንዳሉት ተረጎምኩ። ከ0 እስከ 10 ያለውን መስመር ስታሳያቸው ጣታቸውን ዜሮው አጠገብ አሳረፉ። ተነስተን ልንወጣ ስንል ካፖርታቸውን መቆለፍ አቃታቸው። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ተዉትና በሌላው እጃቸው ገጥመው ያዙት። ነርሷም አየች። «እስቲ ይቀመጡ» ብላ እንደገና ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ ለጤናማው ሁሉ እያማረሩ መኖር ደግ አይደለም ብዬ ነው» አሉኝ በአማርኛ። ያን ጊዜ የጻፈችው 7 ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም። ለሰላምታው ይበሉት፣ ከዚያ «ቅዳሜ ጀሪካን ማንሳት አልቻልኩም፣ ሌሊት ሁለቴ ነቃሁ» ይበሉ። ሕመሙን ቢደብቁ መጀመሪያም መግቢያ ነጥቡን ላያሟሉ ይችላሉ፤ ከገቡ በኋላም መድኃኒቱ ቢረዳዎ መሻሻሉ አይታይም፤ ከዜሮ በታች መውረጃ የለምና።

መገጣጠሚያም እንዲሁ ነው። መርማሪው 28 መገጣጠሚያዎችን አንድ በአንድ ይጫናል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ነጭ እስኪሆን ድረስ። ካመመዎ «አመመኝ» ይበሉ። በጨዋነት ጥርስ ነክሶ ዝም ማለት እዚህ ቦታ ሐሰተኛ ውጤት ነው።

አንድ መድኃኒት አንዴ ወድቆ አንዴ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው መለኪያ ነው። አኒፍሮሉማብን እንይ። ቱሊፕ-1 በተባለው ሙከራ 457 ሰው ገብቶ፣ አሁን በነገርኳችሁ የ4 ነጥብ መለኪያ መድኃኒቱን ካገኙት 36 በመቶ፣ ባዶውን ካገኙት 40 በመቶ ተሻሻሉ ተባለ። ባዶው በለጠ ማለት ነው! ቱሊፕ-2 በሚባለው ግን ዋናው መለኪያ ተቀየረ፤ ማን ምን እንደወሰደ ከመገለጡ በፊት ነው የተቀየረው። አዲሱ መለኪያ ቢክላ ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ከብርቱ ወደ ቀላል የወረደውን መሻሻል ይቆጥራል። በ362 ሰው ላይ 47.8 በመቶ ለ31.5 ሆነና አለፈ። ቱሊፕ-1 ውስጥም በዚያው በቢክላ ሲታይ መድኃኒቱ የተሻለ ነበር።

ሌላም ነገር ተገኘ። በቱሊፕ-1 ደንብ መሠረት ያልተፈቀደ የሕመም ማስታገሻ፣ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለውን፣ የጀመረ ሰው ቢሻለውም «አልተሻለውም» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ደንቡ በኋላ ተሻሻለ። ከዚህ ለርስዎ የሚቀረው ቀላል ነው፦ ጥናት ውስጥ እያሉ ራስዎን ቢያምዎት ጎረቤት የሰጠዎትን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ይደውሉ።

ጥቁር ሕመምተኞች ላይ ይሠራል? የተሞከረው ነጮች ላይ ነው ይባላል።

ቅሬታው መሠረት አለው። በአሜሪካ ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ጥቁሮች 43 በመቶ ገደማ ሆነው ሳለ፣ ከ1997 እስከ 2017 የታተሙ ሙከራዎች ሲቃኙ ከተሳታፊዎቹ 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ የብሊስ ሙከራዎች ከ1,684 ሰው ጥቁሮቹ 148 ናቸው። በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ቤሊሙማብ ያልረዳ ስለመሰለ ኤፍዲኤ ኩባንያውን ሌላ ጥናት አስደረገው፤ ኤምብሬስ ይባላል፣ ጥቁር ሕመምተኞችን ብቻ ያሳተፈ። ውጤቱ 48.7 በመቶ ለ41.6 ሆነ። አቅጣጫው ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን «በአጋጣሚ አይደለም» ለማለት አልበቃም። በጣም ይረዳል የሚልም፣ አይሠራም የሚልም ሰው ከቁጥሩ በላይ እየተናገረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆዳ ነጥብ የሚሰጠው በ«ቅላት» መጠን ነው፤ ሮዝ፣ ቀይ፣ ጥቁር ቀይ። በጠይም ቆዳ ላይ ብግነቱ ሐምራዊ ወይም የጠቆረ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ያልለመደ ዓይን ያልፈዋል። የበፊቱን ፎቶ ስልክዎ ላይ ይዘው ይሂዱና «ቆዳዬ ድሮ ይህን ይመስል ነበር» ብለው ያሳዩ።

ሉፐስ አለብሽ ተብዬ ሳለ «ለጥናቱ አታሟዪም» አሉኝ። ለምን?

ብዙ ጊዜ ደም ውስጥ የሚፈለገው አንቲቦዲ ስላልተገኘ ነው። ቤሊሙማብ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ 449 ሰው ላይ፣ ግቡን አልመታም ነበር። መረጃው ሲፈተሽ ግን የገዛ አካልን የሚያጠቁት ኤኤንኤ ወይም ፀረ-ዲኤንኤ የሚባሉ አንቲቦዲዎች የነበራቸው 71.5 በመቶ ላይ ለውጥ ታይቷል። ቀጣዮቹ ሙከራዎች እነሱን ብቻ ወሰዱና አለፉ። የበሽታዎ ነጥብ ማነስም ከባድ የኩላሊት ወይም የአንጎል ጉዳት መኖርም ሊያስቀር ይችላል። አላሟሉም ማለት በሽታዎ ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት ምን ምን ይመረመራል?

ቲቢ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪ በአብዛኛው የግድ ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደን ላደግን ሰዎች የተኛ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደሉም፤ መከላከያው ሲዳከም ሊነቁ ይችላሉ። የቲቢ ደም ምርመራ ፖዚቲቭ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የመከላከያ ኪኒን ተወስዶ በኋላ ሊገባ ይችላል።

አንዱን ግን እዚህ ያሉ ሐኪሞች ይረሱታል፤ ስትሮንጂሎይደስ የተባለውን ትል። በባዶ እግር ከረገጥነው አፈር ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ሆድ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ስቴሮይድ ሲወሰድ ግን ተባዝቶ ለሕይወት ያሰጋል። ገጠር ያደጉ ከሆነ «ልጅነቴን ያሳለፍኩት በገጠር ነው፤ ይህ ይታይልኝ» ይበሉ። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ይድናል።

አሰጣጡስ፣ ጉዳቱስ?

ቤሊሙማብ በደም ሥር ሲሰጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ። ቤት ውስጥ በሳምንት አንዴ ራስ የሚወጋው መርፌም አለ። አኒፍሮሉማብ በደም ሥር ሲሰጥ በየአራት ሳምንቱ 30 ደቂቃ ነው።

ከጉዳቱ ዋናው ኢንፌክሽን ነው፦ ጉንፋን፣ የሽንት ቧንቧ፣ አንዳንዴም ብርቱ የሳንባ ምች። አኒፍሮሉማብ አልማዝ ባለጭራን ይቀሰቅሳል፤ በቱሊፕ-2 ከወሰዱት 7.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት 1.1 በመቶ ላይ ታይቷል። ሕያው ተሕዋስ የሌለበት የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ። በቤሊሙማብ ማብራሪያ ላይ ድብርትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ በማስጠንቀቂያነት ተጽፏል። የኛ ሰው «ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብሎ ያልፈዋል። አይለፉት፤ ለነርሷ ይንገሩ።

በገና አገር ቤት ልሄድ ነው። ክትባት ልውሰድ?

ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ እያሉ አይወሰድም። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ሕያው ነው። ስለዚህ የጉዞ ክሊኒክ ሄደው ክንድዎን ከመስጠትዎ በፊት ለጥናቱ ሐኪም ይንገሩ፤ የማይከተቡበት ምክንያት የተጻፈበት የሕክምና ደብዳቤ ሊሰጥዎ ይችላል። የጉንፋን (ኢንፍሉዌንዛ) መርፌ ግን ሕያው ስላልሆነ ይወሰዳል። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊትም የጥናቱን የቀጠሮ ሰሌዳ ይዩ፤ ሁለት ወር ከቀሩ ቢያንስ አንድ መርፌ ያመልጥዎታል።

ጾም፣ ጸበል፣ የባህል መድኃኒትስ?

ጸበል መጠመቅ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው ጸበል ገብቻለሁ ብሎ ኪኒኑን ማቆም ነው። ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በጾም ወቅት የኪኒን ሰዓት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ኩላሊትዎ ከተነካ ግን ውሃ ሳይጠጡ መዋል ጥሩ አይደለም፣ የንስሐ አባትዎም ይህን ቢሰሙ አይጨክኑብዎትም። ፌጦም ሆነ ጥቁር አዝሙድ፣ ከአገር ቤት በፌስታል የመጣ ሥርም ቢሆን፣ የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ። አይስቁብዎትም፤ ይጽፉታል።

ለማርገዝ እያሰብኩ ነው።

አብዛኞቹ ሙከራዎች በጥናቱ ጊዜ እርግዝና መከላከያ ግድ ይላሉ፤ ማይኮፌኖሌት ደግሞ ጽንስ ይጎዳል። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ጥናት ከሆነ ዕድሜዎን ከዚያ ጋር አስበው ይወስኑ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝናም ይቀጥላል።

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ሁለት ገጽ ብቻ ሰጡኝ።

ያ «አጭር ፎርም» ይባላል፤ በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደ ነው። አጭሩ የሚለው መብትዎን ብቻ ነው። የጥናቱ ዝርዝር ያለው እንግሊዝኛው ውስጥ ስለሆነ፣ አስተርጓሚ በቃል ሊያስረዳዎ፣ ምስክርም ሊኖር ይገባል። «ልጄ ያስተርጉምልኝ» አይበሉ፤ ስለ ወሲብ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ድብርት የሚጠየቅበት ቦታ ነው። በዚያው ቀን መፈረም ግዴታ አይደለም። ቤት ወስደው ያሳድሩት።

ገንዘብ ያስከፍላል?

የጥናቱ መድኃኒት በአብዛኛው በነፃ ነው። በተለመደ ሕክምና የሚደረጉ ምርመራዎች ግን ለኢንሹራንስዎ ሊላኩ ይችላሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤተስዳ ያለው የብሔራዊ ጤና ተቋማት ሆስፒታል ለጥናት የሚቀበላቸውን ሰዎች ስለ ሕክምናው አያስከፍልም። የታክሲና የፓርኪንግ ካለ ለመቀበል አይፈሩ፤ ምጽዋት አይደለም።

እህቴ አዲስ አበባ ናት። ቤሊሙማብ ልላክላት?

አይላኩ። በቅዝቃዜ መጓጓዝ ያለበት፣ ክትትል የሚፈልግ መርፌ ነው፤ በሻንጣ የሚሄድ አይደለም። ለእሷ ከሁሉ የሚጠቅማት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሳይቋረጥ መውሰድ፣ መጠኑ በቀን በኪሎ ግራም ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ማድረግ፣ ዓይኗን በየጊዜው መታየት፣ በየቀጠሮው ሽንቷ ለፕሮቲን መመርመሩ ነው። የኩላሊት ሉፐስ ሳያሳምም ይጀምራልና የሽንት ምርመራው ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ነገር ያድናል።

ካር-ቲ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ያድናል ይባላል። እሱን ልጠብቅ?

በጀርመን ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ፣ በጌኦርግ ሼት የሚመራው ቡድን በ2021 የአንዲት የ20 ዓመት ወጣትን ቲ-ሴል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ወስዶ፣ ቢ-ሴልን እንዲያጠፉ አሠልጥኖ መለሰላት፤ በሽታዋም በረደ። በ2022 አምስት ሰዎችን ዘገቡ፤ አምስቱም መድኃኒት አቁመው ነበር። የሚያስደስት ነው። ግን አስቀድሞ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሆስፒታል ያስተኛል፣ የታከመውም ሰው ገና ጥቂት ነው። አሁን ኩላሊትዎ እየተጎዳ ከሆነ መጠበቁ አያዋጣም።

ከገባሁ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?

በማንኛውም ቀን መውጣት ይችላሉ፤ የተለመደው ሕክምናዎ አይነፈግዎትም። የመጨረሻ የደም ምርመራ ሊጠይቁዎት ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ቢሄዱ ለርስዎ ነው። ጥናቱ ሲጀመር የሚሰጥዎትን ካርድ ከመንጃ ፈቃድዎ ጀርባ ያስገቡት፤ የጥናቱ ስምና የ24 ሰዓት ስልክ አለበት። ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሰኞን አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሄደው መጀመሪያ ያንን ካርድ ያሳዩ።